የተተኪ ያለህ!

ኮምፒውተር የተማርኩት ልጄን አቅፌ ለመተኛት ብዬ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በየግምገማው «ለሥልጠናው ምን አነሳሳሽ?» ስባል «የመማር ማስተማሩን ሥራ በቴክኖሎጂ ለማገዝ ካለኝ ጽኑ ፍላጎት» እያልኩ አልፍ ነበር። ውሸቴን ነው። ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ነው፣ ቦታው ሶዶ ነው ሲባል ሰማሁ፤ ልጄ ደግሞ ሶዶ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ሥልጠናው ስለ ኮምፒውተር ይሁን ስለ ንብ ማነብ ደንታ አልነበረኝም።

ያን ጊዜ ከቦምቤ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ባለቤቴ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ በበዓል በበዓሉ። ልጃችንን ይዤ ቦምቤ ተቀመጥኩ። ወባ ሁለቴ ጣላት። ለሁለተኛ ጊዜ ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ሲሻላት፣ እናቴ አዝላት በሩ ላይ ቆመችና «ልጁ ቦምቤ አይመለስም» አለችኝ። እናቴ ቤት ውስጥ የምትናገረው ወላይትኛ ነው። አማርኛ የምታወጣው ነገሩ የመጨረሻ ውሳኔ ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም ሴቱን ከወንዱ አትለይም። «ልጁ እኔ ጋ ይቆያል። አንቺ ዝውውር ጠይቅ።»

ጠየቅሁ። ዝውውር በነጥብ ነው። ያገለገልሽበት ዘመን፣ የቤተሰብ ሁኔታ፣ ጤና፣ ሁሉም ነጥብ አለው። እኔ የሒሳብ መምህር አይደለሁ? የራሴንም የተፎካካሪዎቼንም ነጥብ ስደምርና ስቀንስ ከርሜ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሶዶ ከሚገቡት አንዷ እኔ እንደሆንኩ ደረስኩበት። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። አራት ሳይሞላት እደርስላታለሁ አልኩ። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ በአረካ አድርጌ ሶዶ እገባለሁ፣ እሑድ ከሰዓት እመለሳለሁ። ስሄድ ካየችኝ መሬት ላይ ተንከባላ ታለቅሳለች። ስለዚህ እናቴ ዶሮ ልታሳያት ወደ ጓሮ ትወስዳታለች፤ እኔ በፊት ለፊት በር እንደ ሌባ ሹልክ እላለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ዳይሬክተራችን ስብሰባ ጠርቶ ወሬውን ያመጣው። ከውጭ የሚረዳ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቷል፣ ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ መምህር በኮምፒውተር አጠቃቀምና በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ ይሠለጥናል፣ ከሥልጠናው በኋላ ኮምፒውተሮቹም ይመጣሉ። ፕላዝማው በየክፍሉ ከተሰቀለ ወዲህ ቴክኖሎጂ የሚለውን ቃል ስንሰማ ማዛጋት ልማዳችን ሆኖ ነበር። አበል ሲባል ግን የሁሉም እጅ ተነሣ። የእኔ እጅ ሲነሣ ወንበሬ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ሳቀና «እሺ፣ አንቺ ሂጂ» አለ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ደስ ብሎኝ ነው የማስታውሳቸው። ጠዋት ልጄን አጣጥቤ እወጣለሁ፣ ማታ ክንዴ ላይ ተኝታ ታድራለች። በመካከሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ ማውስ እገፋለሁ። ከጎኔ የተቀመጡት አንድ ሽምግል ያሉ የኬሚስትሪ መምህር ማሽኑን ከመክፈታቸው በፊት ያማትቡ ነበር፤ ሲዘጉት ደግሞ «ተመስገን» ይላሉ። ጽሑፍ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ለተማሪ የሚታይ ሥዕል ማዘጋጀት፣ ከኢንተርኔት የተገኘ ነገር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ማወቅ፣ ይኼን ሁሉ ተማርን። ኢንተርኔቱ ስላልሠራ ከኢንተርኔት የተገኘውን ነገር ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው አስተማሩን።

ሥልጠና የገባ መምህር ያውቀዋል፣ በቀን አምስት ወረቀት ይዞራል። የጠዋት መገኘት፣ የከሰዓት መገኘት፣ አበል፣ የደብተርና የእስክሪብቶ መረከቢያ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይመጣል፤ ከላይሽ ያለው ፈርሟል፣ አንቺም ፈርመሽ ወደ ጎን ታቀብያለሽ። ማንም አያነብም። ቆም ብሎ የሚያነብ ከተገኘ «ምነው፣ ልትገዛው ነው እንዴ?» ይባላል። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ቀን ለምሳ ልንወጣ ስንል ረዘም ያለ ወረቀት ዞረ። እናቴ ልጄን ይዛ ግቢው በር ላይ ቆማ በመስኮት ትታየኛለች፣ ልጄ የአጥሩን ብረት ይዛ ትወዛወዛለች። ከእኔ በላይ ሃያ ያህል ሰው ፈርሟል። ፈረምኩ፣ አቀበልኩ፣ ወጣሁ። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡ» እያልኩ ስንት ዓመት የጮህኩ ሰው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩትን እስከ ዛሬ ለቅሜ አልጨረስኩም።

ዓመቱ አለፈ። ክረምት ገባና የዝውውሩ ዝርዝር ሶዶ ተለጠፈ። በዝናብ ሄጄ ከላይ እስከ ታች አየሁት፣ ከታች እስከ ላይ ደገምኩት። ነጥባቸው ከእኔ የሚያንስ ሦስት ሰዎች አሉ። እኔ የለሁም። በንዴት ዝውውሩን ወደሚያየው ባለሙያ ቢሮ ገባሁ። ሰውየው ረጋ ያለ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነበር። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ፋይል አውጥቶ፣ ገልጦ፣ ያንን ረዥም ወረቀት ወደ እኔ አዞረልኝ። ሠልጣኙ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመልሶ አራት ዓመት ያገለግላል ይላል። ከዚያ በፊት መዛወር የሚችለው ተተኪ ካሠለጠነ፣ ተተኪውም ይህንኑ ግዴታ ፈርሞ ከተረከበው ነው። ከሥሩ ፊርማዬ አለ፤ ጅራቱ ረዝሟል፣ ተነሥቼ እየሮጥኩ የፈረምኩት መሆኑ ያስታውቃል።

«እኔ እኮ አላነበብኩትም» አልኩት።

«ማን አነበበ እህቴ?» አለ። «ባለፈው ዙር ያሠለጠኗቸው መምህራን አንዱ ሀዋሳ ሄደ፣ አንዱ አዲስ አበባ ሄደ፣ አንዱ ማስተማር ትቶ ሱቅ ከፈተ። ፈረንጆቹ ሊያዩ ሲመጡ ኮምፒውተር እንጂ ሰው አላገኙም። አሁን ሪፖርት ላይ በየትምህርት ቤቱ አንድ ሰው መኖር አለበት። አንቺ ከወጣሽ ያቺ ትምህርት ቤት ባዶ ትሆናለች። ባዶ ከሆነች የሚቀጥለው ገንዘብ አይመጣም። አንቺ ቁጥር ነሽ።»

«ልጅ አለችኝ።»

«እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። ተተኪ አፍሪና ነይ፣ እኔ ራሴ ደብዳቤውን እጽፍልሻለሁ።»

ከዚያ ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። እንዲያው ጭራሽ የሚያናድደው ሰዎቹ ልክ መሆናቸው ነበር። ገንዘብ የሰጠ ሰው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ቢጠይቅ ምን አጠፋ? መምህር ሠልጥኖ ቢጠፋ ተማሪው አይጎዳም? ራሴን እንኳ ላሳምነው የምችለው ነገር ነው። ልጄን ግን ላሳምናት አልችልም።

ኮምፒውተሮቹ መጡ። ስምንት ናቸው። አንድ ክፍል ታድሶ የብረት በር ተገጠመለት፣ መስኮቶቹ በፌሮ ብረት ታጠሩ፣ ሁለት ቁልፍ ተንጠለጠለበት፤ ሁለቱም ቁልፎች የእኔ ሆኑ። አቧራ እንዳይገባ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። መብራት ሲመጣ እከፍታለሁ፣ ሲሄድ ጨርቃቸውን አለብሳቸዋለሁ። መብራት ደግሞ እንደፈለገው ነበር የሚመጣው፤ ሒሳብ እያስተማርኩ ከመጣ ተማሪዎቼን ጥዬ እሮጣለሁ። ክፍሉን ያጠሩት ሌባ እንዳይገባ ነው። እኔ ግን በካልሲ ቆሜ በዚያ ብረት መሐል መንገዱን ሳይ፣ ወደ አረካ የሚወጣው ሚኒባስ ሲያልፍ፣ ታፍኜ እንደምሞት ይሰማኝ ነበር። ይህ ማጋነን አይደለም።

ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ «ነፃ የኮምፒውተር ሥልጠና ለመምህራን»። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ መምህር መጣ፤ በር ላይ የተደረደረውን ጫማ አይቼ ልቤ ሞላ። በማግሥቱ ሦስት መጡ። በሦስተኛው ቀን ማንም አልመጣም። የእኔ ነገር ተሰምቷል። በዚያ ትምህርት ቤት የአካባቢው ልጆች ካልሆኑት መምህራን ዝውውር የማይጠብቅ አንድም አልነበረም፤ ማን የራሱን እግር ያስራል? የባዮሎጂው «ስክሪኑ ዓይኔን ያመኛል» አለ። የስፖርቱ «ጣቴ ወፍራም ነው፣ ሁለት ቁልፍ ባንዴ ይጫናል» አለ። በአንድ ለአምስት ስብሰባችን ሁሉም «ቴክኖሎጂን በመጠቀም በኩል ከፍተኛ እጥረት አለብኝ» ብሎ ራሱን ይሄሳል፣ ያውም በደስታ።

ከሁሉ የማልረሳው የእንግሊዝኛውን መምህር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፈ ኪሱን ይደጉም እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። ዳይሬክተሩ አስገድዶት አንድ ቀን መጣና ተቀመጠ። በአንድ ጣት «ኤ» የምትለዋን ፊደል መፈለግ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ፈለጋት። እኔ ከኋላው ቆሜ አያለሁ፣ እሱም እንደማየው ያውቃል። በመጨረሻ «ይህቺ ነገር ትኖር ይሆን?» ብሎ ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ሳቅኩ። ሲወጣ ጫማውን እያሠረ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅር በይኝ እህቴ፣ ሚስቴ አርባ ምንጭ ናት» አለኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት ሄደ። አንድ እሑድ እናቴ ልጄን ወደ ጓሮ ልትወስዳት ስትል ልጄ እጇን ነጠቀቻት። መንገዱን ዘግታ ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅኩ። «ቻው» አለችኝ፣ እጇን አወዛወዘች፣ ወደ ጨዋታዋ ተመለሰች። እናቴ «አደገ» አለች ኩራት እየተሰማት። እስከ አረካ ድረስ አለቀስኩ። የሚኒባሱ ረዳት ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ ወደ መስኮት በኩል አዘዋወረኝ።

የጂኦግራፊው መምህር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ምሩቅ፣ የቤሌ ልጅ፣ ጸጥ ያለ ሰው። ከሰዓት በኋላ ከመምህራን ክፍል ወሬ ይልቅ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጋ ይውል ስለነበር ሌሎቹ የሚያውቁትን አልሰማም። አንድ ቀን ጫማውን አውልቆ፣ በጥንቃቄ አጣምሮ አስቀምጦ በር ላይ ቆመ።

«ቲቸር፣ ይሄን ነገር መማር ይቻላል?»

ይቻላል ወይ ይለኛል! ሰማይ የተከፈተልኝ መሰለኝ። ወንበር ጎትቼ አስቀመጥኩት። ደግሞ ጎበዝ ነበር፤ አንዴ ያሳየሁትን አይረሳም። በሁለት ሳምንት የወላይታን ወንዞች የሚያሳይ ሥዕል ለተማሪዎቹ ሠራ። ተማሪዎቹ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው አዩት። እውነቱን ለመናገር፣ ማስተማር ምን ያህል እንደምወድ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

ፈጠን ብሎ መጻፍ እንዲለምድ «ከልብህ የምትፈልገውን ነገር ጻፍ» አልኩት። የጻፈው የዝውውር ማመልከቻ ነበር። አዲስ መምህር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማመልከት አይችልም፣ እሱ ግን ከወዲሁ አዘጋጅቶ ሊያስቀምጥ ፈለገ። ቤሌ ያለችው እናቱ ብቻዋን ናት። ዓይኗ እየደከመ ሄዷል፤ ጎረቤት እጇን ይዞ ነው እሑድ ጸሎት ቤት የሚያደርሳት። ሌላ ልጅ የላትም። «ማሳውን የሚያርስ አላጣም፣ ማታ ግን የሚያወራት የለም» አለኝ። ማመልከቻው በደንብ የተጻፈ ነበር። «ጉዳዩ» የሚለውን እንዴት እንደሚያደምቅ፣ ከሥሩ እንዴት እንደሚያሰምር፣ ግራና ቀኙን እንዴት እንደሚያስተካክል ያሳየሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ቀን ልነግረው ይገባኝ ነበር። በማግሥቱም ይገባኝ ነበር። በየቀኑ ጫማዬን ሳወልቅ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፣ ስዘጋ ነገ እላለሁ። መምህራን ክፍል ስገባ ሌሎቹ ሻያቸውን እየጠጡ ያዩኛል። ያውቃሉ። ማናቸውም አልነገሩትም፤ ከነገሩ ጦም እደሩ አሉ። እሱ ከተያዘ እነሱ ነፃ ናቸው። ጥፋቱን ለሁሉም ላካፍለው አይደለም፤ እሱን በየቀኑ ፊት ለፊት የማየው እኔ ነበርኩ።

ለዳይሬክተሩ ተተኪ አግኝቻለሁ ብዬ ነገርኩት፤ የርክክቡን ወረቀቶች ያመጣ ዕለት መብራት ነበር። የኮምፒውተሮቹ ዝርዝር፣ የጨርቆቹ ዝርዝር፣ የቁልፎቹ መረከቢያ፣ የምስክር ወረቀት መቀበያ፣ የተተኪ ግዴታ። አምስት ናቸው። ግዴታውን ከላይ ሦስተኛ አደረግኩት። የት ቢቀመጥ እንደማይታይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የጂኦግራፊው መምህር አንደኛውን አንብቦ ፈረመ። ሁለተኛውንም አንብቦ ፈረመ። ጨርቆቹን ሳይቀር ተነሥቶ ቆጠረ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶውን እንደያዘ «ይሄስ ቲቸር?» አለኝ።

«ያው የርክክቡ ነው» አልኩት።

«አንቺ ካየሽው ይበቃል» አለና ፈረመ። የእጁ ጽሑፍ ቆንጆ ነበር፣ ቀስ ብሎ ነበር የሚፈርመው።

በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ተገድጄ ነው፣ ልጄ ናት፣ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል፣ ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። እኔን ግን ማንም ዓይኔን እያየ አልዋሸኝም፤ ወረቀቱ እዚያው ነበር፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። እሱ ጠየቀኝ። ስመልስለት ድምፄ እንኳ አልተሰበረም።

የዝውውሩ ባለሙያ ቃሉን ጠበቀ፤ ደብዳቤው በሁለት ሳምንት መጣ። ስሄድ የጂኦግራፊው መምህር ሳጥኔን ተሸክሞ መኪናው ድረስ ሸኘኝ። ጣሪያው ላይ ራሱ ወጥቶ አሰረልኝ። «እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ ቲቸር፣ ልጅሽን ሳሚልኝ» አለኝ። መኪናው እስኪነሣ ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር ስፈልግ ቆየሁ።

ሶዶ ገባሁ። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። እናቴን በወላይትኛ «አዬ»፣ እማዬ ትላታለች፣ እኔን በስሜ ትጠራኛለች፤ ይሄ ይስተካከላል አልኩ። የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ምሳ በላን፣ የተቀቀለ ቦዬ በዳጣ ነበር። ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ልጄ ወደ ውስጥ ገብታ ጫማዬንና ሻርፔን ይዛ መጣች። ሻርፑን አጥፋዋለች። እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ።

«መኪናው ያመልጥሻል» አለችኝ።

እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ቁጢጥ አልኩ። «አልሄድም። ከእንግዲህ እዚሁ ነኝ።»

ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን አሰበች። ቻው ማለት ከጀመረች ወዲህ ስሄድ የምነግራት አንድ ምክንያት ነበር፤ እኔ ካልሄድኩ እዚያ ሌላ ሰው የለም፣ አንድ ሰው የግድ መኖር አለበት እላት ነበር።

«ታዲያ አሁን እዚያ ማን አለ?»

«ሌላ አስተማሪ አለ።»

«እሱ መቼ ነው ቤቱ የሚሄደው?»

«ይቆያል።»

«ብዙ?»

«አዎ፣ ብዙ።»

«ልጅ አለው?»

«የለውም» አልኳት።

ፊቷ ፈታ አለ። ጫማዬን አንሥታ ወደነበረበት ልትመልስ ዞረች። «እንግዲያው ማንም አያለቅስም» አለች።

እናት አለችው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።